ጨረር የበላው ሰደርያ

በቀይ ሜዳ ሰው ከሰው ሲገናኝ ስለ ጤና አይጠያየቅም። «ጠነከረልህ?» ነው የሚባለው። የሚጠየቀው ስለ ሰደርያው ነው። «ተመስገን፣ ጠንክሯል» ያለ ሰው ቀኑን ውጭ መዋል ይችላል። «እንግዲህ እንዳለ ነው» ካለ ግን ጠያቂው ሌላ ነገር አይጨምርም፤ ትከሻውን ነካ አድርጎት ያልፋል።

በዚያ ቆላ ሰደርያ ሳይለብሱ ከደጅ መውጣት ከቀረ አንድ ትውልድ አልፏል። በሞቃቱ ወራት ጥላ ሥር የቆመ ሰው እንኳ ላቡ አይደርቅለትም፤ ገላው ሙቀቱን የሚያራግፍበት ያጣና ከውስጥ መብሰል ይጀምራል። ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት ከመሬት በታች በተቆፈረው መተላለፊያ ነው። ገበያውም፣ መስጊዱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም እዚያው ነው። ለቅሶ የሚደረሰው በመተላለፊያው ሲሆን፣ መቃብር ድረስ የሚሄደው ሰደርያ የተፈቀደለት ዘመድ ብቻ ነው።

ሰደርያው ሲያዩት ተራ ግራጫ ጨርቅ ነው። በውስጡ መዳፍ መዳፍ የሚያካክሉ ኪሶች ተሰፍተው ሰም የመሰለ ፕላስቲክ ተሞልቶባቸዋል። ማለዳ ከማቀዝቀዣ ሲወጣ እንደ ሻማ ደረቅ ነው። ከዚያ የለበሰውን ሰው ሙቀት እየጠጣ ቀስ በቀስ ይለሰልሳል። በመቅለጥ ላይ እስካለ ድረስ ያቀዘቅዛል፤ ቀልጦ ካለቀ በኋላ ከወፍራም ካፖርት የከፋ ሸክም ነው። ስለዚህ በቀይ ሜዳ ሰዓት የሚያይ ሰው ጥቂት ነው። ደረቱን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ምን ያህል ጊዜ እንደቀረው ያውቃል።

ሲፈን የምትሠራው ሰደርያ ቤት ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ማለዳ ከመስኮቱ አንድ ሰደርያ ይቀበላል፣ ከሥራ ሲመለስ ያስረክባል፤ ዛሬ የለበሰው ነገ የሌላ ሰው ነው። በመሃል ሰደርያዎቹ ጨረር ቤት ይገባሉ። ይህ የተጀመረው በላብ የሚተላለፈው የቆዳ ሻጋታ ከተማዋን ከግማሽ በላይ ባዶ ባደረገበት ጊዜ ነው። ሰደርያ አይቀቀልም፤ ይቀልጣል። በመድኃኒት ቢያጥቡት መድኃኒቱ ስፌቱ ውስጥ አይገባም። ጨረር ግን ምንም ሳያሞቅ እስከ ውስጥ ዘልቆ ሻጋታውን ይገድላል። ከዚያ ወዲህ በሻጋታ የሞተ ሰው የለም፤ ጨረር ቤቱም አንድ ቀን ተዘግቶ አያውቅም።

ከጨረር ቤት የሚወጣው ሰደርያ ሲፈን ጠረጴዛ ላይ ይመጣል። ላብ የነካውን የላይ ጨርቅ ፈትታ ትጥላለች፣ ኪሶቹን ትመረምራለች፣ አዲስ ጨርቅ ታለብሳለች። በዚህም ሥራዋ ምክንያት ሌላው ሰው የማያየውን ታያለች። አዲስ ሰደርያ ውስጡ ነጭ ነው። ጨረር ቤት በተመላለሰ ቁጥር የቅቤ መልክ ይይዛል፣ ቀጥሎ የማር፣ በመጨረሻም የሻይ። ነጩን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ብትነክረው እንደ ድንጋይ ዝም ይላል። ሻይ የመሰለው ገና በእጇ ሙቀት ይለሰልሳል። ጨረሩ ሻጋታውን ሲገድል ፕላስቲኩንም ይበላዋል፤ ረጃጅሙን የውስጡን ክር ይቆራርጠዋል፤ ክሩ ያጠረበት ደግሞ ቶሎ ይቀልጣል፣ የሚጠጣው ሙቀትም ትንሽ ነው። ሰደርያ ቤት ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም። የጨረር ቤት ኃላፊዋ ኢንጂነር ሶስና ደጋግማ ለበላይ አካል አመልክታለች። የሚመጣው መልስ አዲስ ሰደርያ በመንገድ ላይ ነው የሚል ነበር። የላይ ጨርቁ ግራጫ ሆኖ ጥቅጥቅ ያለ እንዲሆን የተደረገው ሰው ቀለሙን እያየ እንዳይሻማ ነው።

የሲፈን ባል አቤኔዘር ሀዲድ ጠጋኝ ነው። የጨው ባቡር የሚሄድበት ሀዲድ በሙቀት ይለጠጥና ይጣመማል፤ የሚጣመመው ደግሞ ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት ስለሆነ ጠጋኞቹ የሚወጡት ሌላው ሰው በሚሸሸግበት ጊዜ ነው። ስድስት ናቸው። ማቀዝቀዣ ያለው ፉርጎ ይከተላቸዋል፤ ጥቂት ሠርተው እዚያ ገብተው ያርፋሉ፣ ደግሞ ይወጣሉ።

አንድ ቀን ስፌቱ የተተረተረ ነጭ ሰደርያ ሊጣል ተለይቶ ሲፈን እጅ ገባ። ጨረር ቤት ብዙም አልተመላለሰም። ሰፋችው። ግራጫ ጨርቅ አለበሰችውና ማለዳ አቤኔዘር መስኮቱ ጋ ሲደርስ እሱን ሰጠችው። አመሻሹ ላይ ሲያስረክብ ከሌሎቹ ጋር አልቀላቀለችውም። በኮምጣጤ አጥባ ከጠረጴዛዋ በታች ካለው ማቀዝቀዣ ጥግ አስገባችው። ሻጋታው ባሏን ቢይዘውስ ብላ ፈርታ ነበር። እያንዳንዱ ጥፍሩን፣ የእግሩን ጣቶች መሃል፣ ብብቱን እያገላበጠች ታየው ጀመር።

«ምን ሆነሻል?» ይላታል እየሳቀ።

«ዝም ብለህ እጅህን አንሳ» ትለዋለች።

አልነገረችውም። እሱም ከዚያ በላይ አልጠየቀም። ጎረቤታቸው ገዓስ ግን አስተውሎ ነበር። ገዓስ የዚያው ቡድን ሰው፣ ቀልደኛ፣ የሰው ደረት እየጫነ «አንተ አልቆልሃል፣ ግባ» የሚል ነው። አንድ ምሽት ከሚስቱ ከአስያ ጋር ቤታቸው መጥቶ እራት ሲበሉ፣ «የዚህ ሰውዬ ሰደርያ እንደ አማቴ ልብ ነው፤ ፀሐይ ቢወጣበትም አይለሰልስም» አለ። አስያ በክርኗ ጎሸመችው። ሁሉም ሳቁ። ሲፈንም ሳቀች።

የግንቦት መጨረሻ ላይ ቡድኑ ከከተማው ርቆ ወጣ። ሀዲዱ ረጅም ርቀት ላይ ተጣምሞ ነበር። ገና ሥራቸው ሳይጋመስ የፉርጎው ማቀዝቀዣ ቆመ። በሬዲዮ ተናገሩ፤ ሌላ ፉርጎ ከከተማ ተነሣላቸው። ነገር ግን ከኋላቸው፣ በእነሱና በከተማው መካከል ሀዲዱ እንደገና ተጣመመ፤ የተላከውም ፉርጎ እዚያ ተገትቶ ቀረ። የመጡት ሰዎች የቀረውን መንገድ በእግራቸው ሄዱ። ሲደርሱ አምስቱ ጠጋኞች በፉርጎው ጥላ ሥር ተኝተው ሞተዋል። አቤኔዘር ተቀምጦ ነበር፤ ዓይኑ ቢንከራተትም ይተነፍስ ነበር።

አመሻሹ ላይ ከሕክምና ክፍል ወደ ቤት አመጡት። ሲፈን ልብሱን አውልቃ ገላውን በእርጥብ ፎጣ እያበሰች እያለ መናገር ጀመረ። ድምፁ ደረቅ ነበር።

«መጀመሪያ የደረጀ ሰደርያ ቀለጠ። ገና ሬዲዮውን ሳንዘጋ። ቀጥሎ የሌሎቹ። ገዓስ እየዞረ የሁሉንም ደረት ይጫን ነበር፤ ማን እንደቀረው ለማየት። ወደ እኔ መጣ።»

ሲፈን ፎጣውን ውሃ ውስጥ ነከረች።

«ክንዴን አጣጠፍኩ» አለ አቤኔዘር። «እንዲህ አድርጌ ደረቴ ላይ አጣጠፍኩና ‹የእኔም አልቋል› አልኩት። አልጫነኝም። ሰው እኮ ነበር፤ አመነኝ። እንደ ድንጋይ ነበር ሲፈን። እነሱ እዚያ ሲያቃስቱ የእኔ እንደ ድንጋይ ነበር።»

«አቤ...»

«ተራ በተራ ብንለብሰው ኖሮ ምናልባት አንድ ሰው ይጨመር ነበር። ምናልባትም ማንም አይተርፍም ነበር። አላውቅም። አልሞከርኩማ። ከየት ነው ያመጣሽው?»

ነገረችው። ሁሉንም እስክትጨርስ ፊቷን እያየ አዳመጠ። ከዚያ ፎጣውን ከእጇ ወሰደና ራሱን ማበስ ጀመረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚተኛው ሳሎን ነበር።

በማግስቱ ሲፈን ሥራ ስትገባ ከአቤኔዘር ላይ ያወለቀችውን ነጭ ሰደርያ ወደ ማቀዝቀዣው ጥግ መለሰችና የሟቾቹን ፈለገች። የሉም። በደንቡ መሠረት በዚያው ምሽት ጨረር ቤት ገብተው፣ ጨርቃቸው ተቀይሮ፣ ማለዳ ከሌሎቹ ጋር ታድለዋል። የትኛው የማን እንደነበረ የሚያውቅ የለም። ገዓስ የሞተበት ሰደርያ በዚያ ሰዓት የአንድ መንገድ ጠራጊ ወይም የአንዲት ነርስ ደረት ላይ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አጣሪ ጉባኤ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ቀን ስብሰባ ሲያልቅ አስያ ሲፈንን መተላለፊያው ላይ አገኘቻት። ጥቁር ነጠላ አጥልቃ፣ ሁለቱን ሴት ልጆቿን በግራና በቀኝ ይዛለች።

«ውሃ አልጠጡም ነው የሚሉት» አለች። «በየሰዓቱ መጠጣት የነበረባቸውን አልጠጡም፤ በራሳቸው ቸልተኝነት ነው አሉ። ገዓስ! ውሃ ሳይዝ ሽንት ቤት የማይሄደው ሰውዬ!»

«ማን ነው ያለው?»

«ሰብሳቢው ነዋ። በቸልተኝነት የሞተ ሰው ቤተሰብ ደግሞ የሠራተኛ ቤት አይገባውም። እስከ ሰኔ መጨረሻ ልቀቁ ብለውናል። ወዴት ነው የምለቀው ረጋ ብለሽ ንገሪኝ እስቲ? ላይ ነው? ልጆቼን ይዤ ፀሐይ ላይ ልውጣ?»

አስያ አቀፈቻት። የምታጽናናት የምትመስለው ሐዘንተኛዋ ነበረች። «እንኳን ያንቺ ተረፈልሽ» አለቻት ጆሮዋ ሥር። «እውነቴን ነው።»

ያን ቀን ሲፈን ከሥራ ስትመለስ አቤኔዘር ጫማውን ይዞ ሶፋ ላይ ተቀምጧል።

«ነገ እኔን ይጠይቁኛል» አለ።

«ምን ልትል ነው?»

«ምንም። እውነቱን ብናገር የማስይዘው አንቺን ነው። አልናገርም። ግን እነሱ ምን እንደሚሉ ልንገርሽ? ‹ተመሳሳይ ሰደርያ የለበሰው ውሃውን ስለጠጣ ተርፏል› ነው የሚሉት። እኔ ነኝ ማስረጃቸው። እዚያ በሕይወት በመቀመጤ ብቻ አምስቱን ወንጀለኛ አደርጋቸዋለሁ።»

ሲፈን ወደ ሰደርያ ቤት ተመልሳ ሄደች። ከማቀዝቀዣው ጥግ ነጩን ሰደርያ አወጣች።

ጉባኤው የሚቀመጠው ከገበያው በታች ባለው አዳራሽ ነው። ሰው ሞልቷል፤ አየሩ ወፍሯል። ሰብሳቢው ቀጠን ያለ፣ ንግግሩ የተለካ ሰው ነው። አቤኔዘርን አስነሥቶ ስሙን ካስነገረ በኋላ ወደ ታዳሚው ዞረ።

«ሙቀቱ ለሁሉም አንድ ነበር። ሥራውም አንድ ነበር። ሰደርያውም አንድ ነበር። ይህ ሰው ተመልሷል። ስለዚህ ጉድለቱ ከመሣሪያው ነው ማለት አንችልም።»

«ሰደርያው አንድ አልነበረም» አለች ሲፈን።

ከመቀመጫዋ ተነሥታ ነበር። ሰብሳቢው ተራዋን እንድትጠብቅ በእጁ አመለከታት። አልተቀመጠችም።

«ሲፈን እባላለሁ። ሰደርያ ቤት ነው የምሠራው። የሱ ሚስት ነኝ። ሊጣል የተለየ ነጭ ሰደርያ ደብቄ ለእሱ ብቻ ስሰጠው ነበር። ጨረር ቤት አላስገባውም። ይኸው።» ከቦርሳዋ አወጣችው። «ለብ ያለ ውሃ አምጡልኝ።»

ኢንጂነር ሶስና ከፊት ረድፍ ተነሥታ ወጣችና ራሷ ሳፋ ይዛ ተመለሰች። ውሃው የሰው ገላ ያህል ይሞቃል። ሲፈን ከነጩ አንድ ኪስ ቆርጣ ጣለችበት። ኢንጂነሯ የራሷን ሰደርያ አወለቀች፤ ጨርቁን በመቀስ ቀደደችና እሷም አንድ ኪስ ቆርጣ አስገባች። የሻይ መልክ ነበረው። ከፊት ያሉት ሰዎች ቆመው ተጠጉ። ቡናማው ወዲያው ለሰለሰና እንደ ወጥ ውሃ ሆነ። ነጩ ሳፋው ግርጌ እንደ ጠጠር ተቀምጧል። ሰብሳቢው ከመድረኩ ወርዶ በጣቱ ነካው። ጠበቁ። አሁንም ነካው።

«ይህን ያውቁ ነበር?» አላት ኢንጂነሯን።

«አውቅ ነበር። አመልክቻለሁ።»

«እያወቁ ጨረሩን ለምን አላቆሙም?»

«ባቆም ኖሮ ዛሬ የምትጠይቁኝ በሻጋታ ስለሞቱት ነበር» አለች ሶስና። «በሻጋታው ጊዜ ልጄን የቀበርኩ ሰው ነኝ፤ ቆዳው በእጄ ላይ ይላጥ ነበር። ጨረሩን ብጨምር ሙቀቱ ይገድላል፣ ብቀንስ ሻጋታው። አዲስ ሰደርያ ላኩ አልኩ። ከዚያ ውጭ ያለኝ ነገር ይህ ነው።» የቀደደችውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ሲፈን ዞር ብላ አስያን ፈለገች። አስያ የምታየው እሷን አልነበረም። አቤኔዘርን ነበር የምታየው። እሱም ዓይኑን አልሰበረም።

ውሳኔው በሳምንቱ ተነበበ። በሟቾቹ ላይ የተባለው ቸልተኝነት ተሰረዘ፤ ቤተሰቦቻቸው በቤታቸው ይቆያሉ። ሻይ የመሰለ ሰደርያ ሁሉ ከአገልግሎት ይወጣል። አዲሱ ሰደርያ እስኪመጣ ያለው ስለማይበቃ፣ ከማርና ከቅቤ መልኩ የትኛው ለማን እንደሚደርስ በየማለዳው በዕጣ ይወሰናል፤ ዕጣ ያልወጣለት ቤቱ ይውላል። ሲፈን ከሥራዋ ተሰናብታለች። በተጨማሪም ክረምቱ እስኪያልፍ ሰደርያ እንዳይሰጣት ተወስኗል። ይህ ማለት መሬት ላይ ወጥታ ሰማይ አታይም ማለት ነው።

አስያ አንድ ጊዜ መጣች። አልገባችም፤ በሩ ላይ ቆመች።

«ቤቴን መልሰሽልኛል» አለች። «እሱን ልነግርሽ ነው የመጣሁት። ልጆቼ ጣሪያ አላቸው።»

«አስያ፣ እኔ...»

«ቆይ ልጨርስ። ያንን ነጭ ሰደርያ ለገዓስ ሰጥተሽው ቢሆን ኖሮ የሚሞተው አቤኔዘር ነበር። ይሄ ይገባኛል። እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን ለባሌ ነበር የምሰጠው፤ እግዜርም ያውቃል፣ አላህም ያውቃል። ግን ሲስቅ አብረሽ ሳቅሽ። ያን ቀን እራት ላይ።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ከእንግዲህ ብንገናኝ ሰላም እልሻለሁ። በሬን ግን አታንኳኪ።»

አቤኔዘር ሌላ ቡድን ውስጥ ገብቶ ወደ ሀዲዱ ተመለሰ። ሌላ ሥራ ሊሰጡት ነበር፤ አልፈለገም። ማለዳ ወጥቶ ዕጣ ያወጣል፣ የደረሰውን ይለብሳል፣ ይሄዳል። ሲፈን ምን እንደደረሰው አታውቅም። የሌሎቹ ሚስቶችና እናቶች ሁልጊዜ እንዲህ እንደነበሩ የገባት ያኔ ነው። እሷ ቀኑን በእርጋታ ስትሠራ፣ እነሱ ከመተላለፊያው አፍ ሥር ተሰብስበው ወደ ላይ ሲያንጋጥጡ ታያቸው ነበር፤ ሥራ የፈቱ ይመስሏት ነበር። አሁን እሷም እዚያው ትቆማለች። ሴቶቹ ቦታ ይለቁላታል እንጂ አያናግሯትም።

በሐምሌ አንድ ቀን ቡድኑ ከወትሮው ቀድሞ ተመለሰ። ሁለት ሰዎች አቤኔዘርን በብብቱ ደግፈው በደረጃው አወረዱት። ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው በውሃ ርሷል። ሰደርያው ደረቱ ላይ እንደ ባዶ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ሲፈን ሮጣ ስትይዘው ገላው ያቃጥላል።

«ምንም አይደለም፣ ወይዘሮ ሲፈን» አላት ከደገፉት አንዱ። «ቶሎ ፉርጎው ውስጥ አስገባነው። በየተራ እያራስነው ነው የመጣነው።»

ቤት አስገብታ አልጋው ላይ አስተኛችው፤ የሁለቱም አልጋ ላይ። አልተቃወመም። አንገቱ ሥር እርጥብ ፎጣ አደረገች፣ እግሩን ውሃ ውስጥ ነከረች። ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ። ፊቱ ላይ ከግንቦት ወዲህ ያላየችው ነገር አለ፤ መጀመሪያ ቅዠት መሰላት።

«የእኔ ነው ቀድሞ የቀለጠው» አላት። «ከሁሉም ቀድሞ። የቡድኑ አለቃ ደረቴን ሊጫን ሲመጣ እጄን ዘርግቼ ደረቴን ሰጠሁት። ‹አልቆልሃል› አለኝ።» ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ሲስቅ ደማ። «ውሃቸውን አፈሰሱብኝ ሲፈን። የሚጠጡትን ውሃ። ማን መሆኔን እያወቁ።»

«አሁን ዝም በል። ትንፋሽህን ሰብስብ።»

«ደህና ነኝ። እንዲህ ደህና ሆኜ አላውቅም።» እጇን ፈልጎ ያዘ። የእጁ ሙቀት በመዳፏ እስከ ክንዷ ተሰማት። «ሲነጋ ቀስቅሺኝ። ዕጣው እንዳያልፈኝ።»

ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ሲፈን አጠገቡ ተቀምጣ ፎጣውን እየቀያየረች፣ ባትቀሰቅሰው ምን እንደሚሆን አሰበች። ዕጣው ያልፈዋል፤ አንድ ቀን በሕይወት ይውላል። ተነሥቶ ያያታል። ከዚያም ጫማውን ይዞ ሳሎን ይገባል።

ሲነጋ ግንባሩ ላይ እጇን አሳረፈች። ትኩሳቱ ወርዷል። ትከሻውን ነካ አደረገችው።

«አቤ» አለችው። «ተነሥ። ሰዓቱ ደርሷል።»